ብጉርና የሰፉ የፊት ቀዳዳዎች፦ ከመለየት እስከ ማከም ደረጃ በደረጃ

ብጉር የወጣበት ሰው ወደ ፋርማሲ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ አራትና አምስት ነገር ሞክሮ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሎሚ አሽቷል፣ የጥርስ ሳሙና ቀብቶ አድሯል፣ ጎረቤት የሰጠችውን ስም የሌለው ክሬም ተቀብቷል፣ በየመሐሉም በጥፍሩ አፍርጧል። በዚህ ምክንያት ፊቱ ላይ ከሚታየው ከፊሉ ብጉር፣ ከፊሉ ደግሞ ሕክምና ተብሎ የተደረገው ነገር ያመጣው ጉዳት ነው። ከዚህ በታች ያለው አካሄድ ቀላልና መካከለኛ ብጉር ያለበት ሰው በጥቂት መድኃኒት፣ በተወሰነ ቅደም ተከተልና ቢያንስ ሦስት ወር በሚፈጅ ትዕግሥት ፊቱን እንዴት እንደሚያክም፣ የሰፉ ቀዳዳዎችንም እስከ ምን ድረስ ማሳነስ እንደሚቻል ያሳያል። የተጻፈው ጎንደር ለሚኖር ሰው ነው፤ የከተማዋ ፀሐይ፣ የውኃው ነገርና የጸጉር ቅቤው ሁሉ በጉዳዩ ውስጥ ድርሻ አላቸውና።

ብጉር እንዴት ይፈጠራል?

ከእያንዳንዱ የፊት ጸጉር ሥር ጋር የተያያዘ፣ ወዝ የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ አለ። በጉርምስና ወቅት አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች ከፍ ሲሉ ዕጢው ይፋፋና ወዙን ያበዛል፤ በዚያው ጊዜ ከቀዳዳው ውስጠኛ ግድግዳ የሚረግፉት የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት እንደ ወትሮው መውጣታቸው ቀርቶ እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ወዙና ሕዋሳቱ ተቀላቅለው ቀዳዳውን ሲወትፉት ገና በዓይን የማይታየው የመጀመሪያው ብጉር ተፈጠረ ማለት ነው። ይህ ውታፍ አፉ ክፍት ሆኖ ከቀረ ጥቁር ነጥብ፣ በስስ ቆዳ ከተሸፈነ ነጭ ነጥብ ይሆናል። በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖረው ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለው ባክቴሪያ ደግሞ አየር በማይገባው በዚህ ውታፍ ውስጥ ሲራባ ሰውነት ይቆጣል፣ ቀልቶ የሚያም፣ መግል የቋጠረ ብጉርም ይወጣል። ቁጣው ወደ ጥልቁ ቆዳ ከዘለቀ ጠጣር እብጠት ይፈጠራል፤ ጎድጓዳ ጠባሳ ጥሎ የሚሄደው በአብዛኛው ይህኛው ነው።

ጥቁሩ ነጥብ የጠቆረው በአቧራ አይደለም። የጥቁረቱ ምንጭ በውታፉ ውስጥ ያለው፣ ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንና አየር የነካው ወዝ ስለሆነ ፊትን ደጋግሞ መፈተግ አያነጣውም። ብጉር የደም መቆሸሽ ወይም የጉበት ሕመም ምልክት ነው የሚባለውም መሠረት የለውም፤ «ስታገባ ይለቅሃል» የሚለው ምክር እውነት የሚመስለው ጋብቻና የብጉር መቀነሻ ዕድሜ ስለሚገጣጠሙ ብቻ ነው። ከምግብ በኩል በጥናቶች ከብጉር ጋር ግንኙነት የታየባቸው ስኳር የበዛባቸው ምግቦችና መጠጦች፣ እንዲሁም በተወሰነ ደረጃ የላም ወተት ናቸው። በዐቢይ ጾም ወተቱ ቀርቶ ፊቱ የጠራለት ሰው ቢኖር አይገርምም፤ ነገር ግን በወተቱ ምትክ ለስላሳ መጠጥና ጣፋጭ ብስኩት ከገባ ያው ነው።

አንደኛ ደረጃ፦ ለይቶ ማየት

ፊትዎን ሳይቀቡ፣ በቀን ብርሃን፣ መስኮት አጠገብ ሆነው በመስታወት ይዩት። አፍንጫና ጉንጭ ላይ እኩል እኩል ተደርድረው የሚታዩ፣ ጠፍጣፋና ግራጫማ ነጠብጣቦች በሽታ አይደሉም፤ ወዝ በቀዳዳው በኩል የሚወጣበት የተፈጥሮ መስመር ናቸው። ተጨምቀው ቢወጡም በአንድ ወር ገደማ ተመልሰው ይሞላሉ። ጥቁር ነጥብ ግን ከእነዚህ ይልቅ የጎላና የጠቆረ፣ እዚህም እዚያም ተበትኖ የሚገኝ ነው።

ብጉር መስሎ ብጉር ያልሆነም አለ። ግንባር፣ ደረትና ጀርባ ላይ ሁሉም በአንድ መጠን የወጡና በጣም የሚያሳክኩ ጥቃቅን ሽፍታዎች ብዙውን ጊዜ ከፈንገስ የሚመጡ ስለሆኑ የብጉር መድኃኒት አያጠፋቸውም፤ የሚያስፈልጋቸው ፀረ ፈንገስ ነው። ወንዶች ፂማቸውን በተላጩ በማግስቱ አገጫቸውና አንገታቸው ላይ የሚወጣው እብጠትም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቆዳው ታጥፎ የበቀለ ጸጉር ነው፤ መፍትሔው ከቆዳ እኩል አድርጎ አለመላጨትና በማሽን ትንሽ አስቀርቶ መከርከም ነው። ጉንጭና ግንባር ላይ ሰፍቶ የሚተኛው ቡናማ ጥላ ደግሞ ማድያት ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የሚጎዳውን ማቆም

ከሁሉም በፊት የሚቀረው በኮስሞቲክስ መደብሮች በትንንሽ ዕቃ ተመጥኖ የሚሸጠው፣ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት «ፊት የሚያጠራ» ቅልቅል ነው። በእንዲህ ያለ ቅልቅል ውስጥ እንደ ቤታሜታዞንና ክሎቤታሶል ያሉ ብርቱ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ሊገኙ ይችላሉ። ስቴሮይድ ለጥቂት ቀናት ቁጣውን ስለሚያበርድ ብጉሩ የዳነ ይመስላል፣ ቆዳውም ይፈካል፤ ሰውየውም ተደስቶ ይቀጥላል። ከሳምንታትና ከወራት በኋላ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ አዲስ ሽፍታ ይወጣል፣ ክሬሙ በተቋረጠ ቁጥርም ፊቱ ቀልቶ ያቃጥላል፤ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ የሚሆነው ያኔ ነው። ከአንድ ወር በላይ የተጠቀመ ሰው በራሱ ውሳኔ በአንድ ቀን ከሚያቋርጠው ይልቅ ቀስ በቀስ እንዲወርድለት ወደ ቆዳ ሐኪም ቢሄድ ይሻለዋል። ስሜን የሚያውቅ የፋርማሲ ደንበኛ ሁሉ የሚናደድብኝ በዚህ ጉዳይ ነው፤ ቢሆንም ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፊት ላይ የሚቀባ ቤታሜታዞን መስጠት ትክክል አይደለም።

ሎሚ ከተቀቡ በኋላ ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ለወራት የማይለቅ ጥቁረትም ይተዋል። ነጭ ሽንኩርት ቆዳ ይልጣል፤ የጥርስ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳም ያስቆጣሉ። እሬትና ማር የከፋ ጉዳት ባያመጡም ብጉርን ያክማሉ ብሎ በእነሱ ብቻ መደገፍ ጊዜ ማባከን ነው።

ቀጥሎ የጸጉር ቅቤ አለ። ጸጉሯን ሹሩባ ተሠርታ ቅቤ የተቀባች ሴት ግንባሯና ጆሮ ግንዷ አካባቢ ብቻ ተከማችተው የሚወጡ ጥቃቅን ነጭ ነጥቦች ካሉባት ምክንያቱ ወደ ታች የሚቀልጠው ቅቤ ሊሆን ይችላል። ቅቤውን መተው ግድ አይደለም። ከጸጉሩ መነሻ መስመር ሁለት ጣት ያህል ርቆ መቀባት፣ ሲተኙ ጸጉሩን በንጹሕ ሻሽ መጠቅለል፣ ጠዋት ግንባርን መታጠብና የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ መቀየር ይበቃል። ፊት ላይ ቅቤም ሆነ የኮኮናት ዘይት መቀባት ግን ለብጉራም ቆዳ አይመከርም።

ማፍረጥን በተመለከተ፦ ብጉር ሲጨመቅ መግሉ ወደ ውጭ ብቻ አይወጣም፤ ከፊሉ የቀዳዳውን ግድግዳ ቀድዶ ወደ ጎን ይፈስሳል። ለዚህ ነው ማታ አንድ የነበረው ብጉር ጠዋት አብጦ የሚገኘው። በእኛ የቆዳ ቀለም ላይ ደግሞ የተነካ ብጉር ብዙውን ጊዜ ጥቁር ምልክት ጥሎ ይሄዳል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ አስተጣጠብ

ፊት በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ማታ ይታጠባል፤ ብዙ ላብ ካለ ሦስተኛ ሊጨመር ይችላል። ሽታ የሌለው ለስላሳ የፊት ማጠቢያ ከተገኘ ጥሩ ነው፤ የልብስ ሳሙናና የበረታ ፀረ ተሕዋስያን ሳሙና ግን ቆዳውን አድርቀው ያስቆጡታል፣ የሚቀጥለውንም መድኃኒት እንዳይችል ያደርጉታል።

ውኃ በተራ በሚመጣበት ሰፈር የሚኖር ሰው በጀሪካን ካጠራቀመው ውኃ አንድ ጆግ ይበቃዋል። መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፤ ትኩስ ውኃ አይጠቅምም። ፊትዎን ካረጠቡ በኋላ ማጠቢያውን በመዳፍዎ አረፋ አድርገው ግማሽ ደቂቃ ያህል በጣት ጫፍ ብቻ፣ ሳይፈትጉ ያዳርሱት፤ ከዚያ ሳፋ ውስጥ በተጠራቀመው ሳይሆን ከጆግ በሚወርደው ንጹሕ ውኃ ያለቅልቁት። አረፋው የሚረሳው አገጭ ሥርና የጸጉር መነሻ ላይ ስለሆነ እነዚያን ቦታዎች ደግመው ይዩ። ለፊት ብቻ በተለየ ፎጣ ጫን ጫን እያደረጉ ያድርቁ። ጀሪካኑ ለረጅም ጊዜ ሳይታጠብ የቆየ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ያጽዱ።

አራተኛ ደረጃ፦ መድኃኒቱ

ለቀላልና ለመካከለኛ ብጉር የሚያስፈልጉት ሁለት የሚቀቡ መድኃኒቶች ናቸው፤ አንዱ ለቀን፣ ሌላው ለማታ።

የቀኑ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው። ባክቴሪያውን ይገድላል፤ እንደ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶችም ባክቴሪያው እንዲለምደው አያደርግም። በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ ጥንካሬ ይዘጋጃል። ብዙ ሰው ጠንካራውን ይመርጣል፤ ነገር ግን 2.5 በመቶው ለተቆጣ ብጉር ከ10 በመቶው የማያንስ ሥራ እየሠራ የሚያስከትለው ማቃጠል አነስተኛ ስለሆነ መጀመር ያለበት በእሱ ነው፣ ካልተገኘ በ5 በመቶው። ጨርቅ እንደሚያነጣ አይርሱ፤ ባለቀለም ፎጣ፣ የትራስ ልብስና የነጠላ ጥለት ላይ የማይለቅ ነጭ ምልክት ይተዋል፤ ስለዚህ ክሬሙ ፊት ላይ እስኪደርቅ ድረስ ነጠላ አይከናነቡ።

የማታው 0.1 በመቶ አዳፓሊን ነው። ሕዋሳቱ እንዳይጣበቁ በማድረግ ውታፉን ከመነሻው ስለሚከላከል የሕክምናው ምሰሶ ይህ ነው፤ ገና ያልታየውን ብጉር የሚያስቀረውም እሱ ነው። አዳፓሊን ካልተገኘ ሐኪም 0.025 በመቶ ትሬቲኖይን ሊያዝዝ ይችላል፤ ትሬቲኖይንን ግን ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር በአንድ ሰዓት ደርቦ መቀባት አይገባም። ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አዳፓሊንንም ሆነ ትሬቲኖይንን አትቀባም፤ ለእሷ የሚሻለው በ15 ወይም በ20 በመቶ የሚዘጋጀው አዘላይክ አሲድ ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ማታ ፊትዎን ታጥበው ካደረቁ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይቆዩ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ መድኃኒቱ ይበልጥ ያቃጥላል። አንድ የአተር ፍሬ የሚያህል ክሬም በጣትዎ ጫፍ አውጥተው ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጮችና አገጭ ላይ ነጥብ ነጥብ ያድርጉና ለፊት በሙሉ ያዳርሱት። ብጉሩ ላይ ብቻ መቀባት የተለመደ ስሕተት ነው፤ መድኃኒቱ የሚሠራው ብጉር ሊወጣበት በሚችለው ቆዳ ሁሉ ላይ ነው። የዓይን ዙሪያ፣ የአፍንጫ ጥግና የከንፈር ማዕዘን ይቅሩ። በላዩ ላይ ቀዳዳ እንደማይደፍን የተገለጸበት ቀለል ያለ ሎሽን ይቀቡ፤ ፊቴ ወዛም ስለሆነ ሎሽን አያስፈልገኝም ማለት ሰዎችን መድኃኒቱን በሁለተኛው ሳምንት የሚያስተው ዋነኛ ምክንያት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በሦስት ቀን አንዴ፣ ቀጥሎ አንድ ቀን እያሳለፉ፣ ቆዳው ሲለምድ በየማታው ይቀጥሉ። መጠነኛ ድርቀትና ልጣጭ የሚጠበቅ ነው፤ በመጀመሪያው ወር ብጉሩ በርከት ሊል ስለሚችል አይደንግጡ። ፊቱ ቢያብጥ ወይም ክፉኛ ቢያቃጥል ግን ያቁሙ።

ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በየቀኑ መስታወት ማየት ስለሚያታልል በአራት ሳምንት አንዴ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት በስልክዎ ፎቶ ያንሱና ያስተያዩ። ሲሻልዎትም ማታ ማታ አዳፓሊኑን መቀጠል ነው፤ ብዙ ጊዜ ብጉሩ የሚመለሰው «ድኛለሁ» ተብሎ ሲቋረጥ ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ፀሐይ

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር አየሩ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐዩ ብርቱ ነው፤ የክረምቱ ደመናም ጨረሩን ሙሉ በሙሉ አይከለክልም። የማታው መድኃኒት ቆዳውን ለፀሐይ ስስ ያደርገዋል፣ ብጉር የተወው ጥቁር ምልክትም በፀሐይ ይብስበታል። ስለዚህ ጠዋት ቤንዞይል ፐርኦክሳይዱ ከደረቀ በኋላ የመከላከል መጠኑ (SPF) 30 እና ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ከሌባ ጣትና ከመሐል ጣት ርዝመት ጋር በሚመጣጠን ልክ ፊትና አንገት ላይ ይቀባል። ቡናማ ቀለም ያለው ዓይነት በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ የሚታየውንም ብርሃን ስለሚከላከል ጥቁር ምልክት ላለበት ሰው ይመረጣል።

ክሬሙ ውድ ስለሆነ በየቀኑ መግዛት ለማይችል ሰው ጃንጥላና ሰፊ ባርኔጣ እውነተኛ ምትክ ናቸው፤ በተለይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት። ቅዳሜ ገበያ ሲገበያዩ የሚውሉ እናቶች ጃንጥላ የሚዘረጉት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥር 11 ቀን ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሲቆሙ የሚውሉ ከሆነ ደግሞ ክሬሙ በየሁለት ሰዓቱ መደገም አለበት።

የሰፉ ቀዳዳዎችስ?

እዚህ ላይ ተስፋ መመጠን ያስፈልጋል። የቆዳ ቀዳዳ የሚከፍተውና የሚዘጋው ጡንቻ የለውም፤ ስለዚህ እንፋሎት አይከፍተውም፣ በረዶም አይዘጋውም። እንፋሎት ውታፉን ያለሰልሳል፣ በረዶ ለደቂቃዎች እብጠት ይቀንሳል፣ የእንቁላል ነጭ ሲደርቅ ቆዳውን ወጥሮ ለአንድ ሰዓት ያሳምረዋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የላቸውም። የቀዳዳውን ስፋት በዋናነት የሚወስኑት ዘር፣ የወዙ ብዛት፣ በውስጡ የተጠራቀመው ውታፍና በዕድሜና በፀሐይ ምክንያት የሚመጣው የቆዳ መላላት ናቸው። ዘርን መለወጥ አይቻልም፤ የቀሩትን ሦስቱን ግን መቀነስ ይቻላል።

ለዚህ ደግሞ አዲስ መድኃኒት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም። አዳፓሊኑ ለወራት ሲዘወተር ውታፉን ያጸዳል፣ ቀዳዳውም ጠበብ ብሎ ይታያል። የፀሐይ መከላከያው ቆዳው እንዳይላላ ያግዛል። በእነዚህ ላይ 2 በመቶ ሳሊሲሊክ አሲድ መጨመር ይቻላል፤ በወዝ ውስጥ የሚሟሟ ስለሆነ ወደ ቀዳዳው ይዘልቃል። በሳምንት ሁለት ማታ፣ በአዳፓሊኑ ፋንታ ይቀቡታል እንጂ በአንድ ማታ ሁለቱን አይደርቡም። አፍንጫ ላይ ተለጥፎ የሚነቀለው ፕላስተር የሚያወጣው በአብዛኛው የተፈጥሮውን የወዝ መስመር ስለሆነ ገንዘቡን ለሎሽን ቢያውሉት እመርጣለሁ። ጉንጭ ላይ የሚታየው ጉድጓድ የብጉር ጠባሳ ከሆነም ክሬም አይሞላውም፤ ይህ የሐኪም ሥራ ነው፣ የሚጀመረውም ብጉሩ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው።

ጥቁር ምልክቱ ጠባሳ አይደለም። ቆዳው ጠፍጣፋ ሆኖ ቀለሙ ብቻ ከጠቆረ በወራት ውስጥ በራሱ ይደበዝዛል፤ አዳፓሊንና አዘላይክ አሲድ ያፋጥኑታል።

ወደ ሐኪም መሄድ ያለበት ማን ነው?

ጥልቅና የሚያም እብጠት ያለበት፣ ጠባሳ መፈጠር የጀመረበት፣ ጀርባውና ደረቱ በብዛት የተያዘ፣ ወይም ከላይ ያለውን በትክክል ሦስት ወር ተከታትሎ ለውጥ ያላየ ሰው ሳይዘገይ ይሂድ። የወር አበባዋ የተዛባና አገጯ ላይ ጸጉር የሚበቅልባት ሴትም ከሥሩ የሆርሞን ችግር ሊኖር ስለሚችል መመርመር አለባት። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ሊያዝዝ ይችላል። ሲወስዱት ብዙ ውኃ ይጠጡ፣ ወዲያው ጋደም አይበሉ፤ ጉሮሮን ያቆስላልና። አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር አያልፍም፣ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋርም ይሰጣል፤ ለብቻው ሲዘወተር ባክቴሪያው ይለምደዋል። ለከባዱ ብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይን ደግሞ ከሁሉም የበረታ ሲሆን ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜ ሁሉና ካቆመች በኋላ አንድ ወር እርግዝናን በአስተማማኝ መንገድ መከላከል ይኖርባታል። ይህን መድኃኒት ያለ ሐኪም ክትትል ከጓደኛ ተውሶ መዋጥ ፈጽሞ አይሞከርም።

ለቀጠሮው ሲሄዱ ፊትዎን አይቀቡ፤ እስካሁን የተጠቀሙበትን ክሬም፣ ሳሙናና ክኒን በሙሉ፣ ስም የሌለውን ብልቃጥ ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱና ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት።